እንደ ራሴ የተባለው ሰው፤ የሚስተር ጁልያን ቦንድ የምርጫ ታሪክ



እንደራሴ የሚለው ቃላችን «እንደ» እና «ራሴ» ተጋጥመው የወለዱት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አፋችን ስለ ለመደው ቆም ብለን ትርጉሙን የምናስብበት ጊዜ ጥቂት ነው። መራጩ ሰው እርሻውን ወይም ሱቁን ትቶ ምክር ቤት ሊቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ «ይህ ሰው እንደ ራሴ ነው፤ እርሱ የተናገረውን እኔ እንደ ተናገርሁት ቍጠሩልኝ» ብሎ አንዱን ይልካል። ታዲያ የተላከው ሰው ከምክር ቤቱ በር ሲደርስ፣ ቀድመው የተቀመጡት «አንተን አንቀበልም፤ የላኩህ ሰዎች ሌላ ይምረጡ» ቢሉትስ? ወንበሩ የማን ነው? የላኪዎቹ ነው ወይስ የተቀማጮቹ?

ጥያቄው ለክርክር ያህል የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በጆርጂያ ግዛት፣ በ1966 ዓ.ም. በውነት ተነሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።) ባለጕዳዩ የ25 ዓመት ወጣት የነበሩት ሚስተር ጁልያን ቦንድ ናቸው። በሬዲዮ ስንናገር ቍጥር ባይበዛ ይመረጣል፤ አድማጭ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አይቀመጥምና። የጋዜጣ አንባቢ ግን ተመልሶ ሊያይ ስለሚችል፣ በማይክሮፎኑ ፊት ያሳጠርሁትን ሁሉ ዛሬ ከነቍጥሩ አቀርባለሁ።

ሚስተር ቦንድ በጥር ወር 1940 ዓ.ም. ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ጄምስ ቦንድ በኬንተኪ በባርነት የተወለዱ ሰው ነበሩ። ነጻ ከወጡ በኋላ ለትምህርት ክፍያ የሚሆን አንድ ወይፈን እየነዱ በእግራቸው እስከ ቤሪያ ኮሌጅ መሄዳቸውን የልጅ ልጃቸው ደጋግመው ይናገሩት ነበር። አባታቸው ዶክተር ሆራስ ማን ቦንድ በፔንሲልቬንያ የሚገኘውን የሊንከን ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። እንግዲህ በዚህ ቤተሰብ ከወይፈኑ እስከ ዩኒቨርሲቲው ያለው መንገድ የሁለት ትውልድ ብቻ ነው። ሦስተኛው ትውልድ ግን መንገዱን ለጊዜው አቋረጠው። ወጣቱ ቦንድ በአትላንታ ከተማ በሞርሃውስ ኮሌጅ ሲማሩ፣ በ1960 ዓ.ም. ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለሉ ምግብ ቤቶች እየገቡ በሰላም የሚቀመጡበት እንቅስቃሴ ተነሣ። እርሳቸውም በዚያው ዓመት የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ፤ ትምህርታቸውን ትተውም የኮሚቴው የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ያቋረጡትን ዲግሪ የተቀበሉት በ1971 ዓ.ም. የምክር ቤት አባል ከሆኑ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። አስቀድሞ ግን የጆርጂያ ምክር ቤት በምን ሚዛን ይመረጥ እንደ ነበር መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚህ የቀረው አይገባምና። ግዛቱ 159 አውራጃዎች አሉት። በድሮው ሥርዓት ብዙ ሕዝብ ያላቸው 8 አውራጃዎች እያንዳንዳቸው 3 እንደራሴ፣ የሚቀጥሉት 30 አውራጃዎች ሁለት ሁለት፣ የቀሩት 121 አውራጃዎች አንድ አንድ እንደራሴ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይልኩ ነበር፤ ድምሩ 205 ይሆናል። ነገሩ ለጆሮ ደግ ይመስላል። ግን አስሉት። በ1960 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የአትላንታ ከተማ ዋናው ክፍል የሚገኝበት የፉልተን አውራጃ 556,326 ሕዝብ ነበረው፤ ኤኮልስ የተባለችው ትንሿ አውራጃ ደግሞ 1,876። ስለዚህ በፉልተን ለአንድ እንደራሴ 185,442 ሰው ሲደርሰው፣ በኤኮልስ ለአንድ እንደራሴ 1,876 ሰው ነው። አንድ የኤኮልስ ሰው 99 ያህል የፉልተንን ሰዎች ይመዝን ነበር ማለት ነው። ከተማው፣ በከተማውም ውስጥ የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ፣ በሕግ ሳይከለከል በሒሳብ ተከለከለ።

ይህን ሒሳብ የሰበሩት ፍርድ ቤቶች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 ዓ.ም. ይህንኑ የጆርጂያን የዕጩዎች ምርጫ አቈጣጠር በመረመረበት ጊዜ «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» የሚለውን ደንብ አቆመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የግዛቶች ምክር ቤቶች ሁለቱም ክፍሎች በሕዝብ ብዛት መከፈል እንዳለባቸው ፈረደ። ጆርጂያም ወዳም ሆነ ሳትወድ የምርጫ ወረዳዎቿን እንደ ገና ደለደለች፤ በሰኔ 1965 ዓ.ም. ልዩ ምርጫ ተደረገ።

ሚስተር ቦንድ በአትላንታ ለ136ኛው የምርጫ ወረዳ ቀረቡ። ወረዳው 6,500 ያህል መራጮች ሲኖሩት ከእነዚህ 6,000 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ዕጩው ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ በር አንኳኩ። ሕዝቡን «ይህን አደርግላችኋለሁ» ከማለት ይልቅ «ምን እንዲደረግ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የተፎካከሩአቸውም ሰው ጥቁር ነበሩ። ድምፅ ሲቈጠር ለሚስተር ቦንድ 2,320፣ ለተፎካካሪያቸው 487 ሆነ። በዚያ ጊዜ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ከተመረጡት 8 ጥቁር እንደራሴዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው።

ምክር ቤቱ የሚከፈተው በጥር ወር ነበር። ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጥር 3 ቀን 1966 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከተማ ሳሙኤል ያንግ የተባለ ወጣት ጥቁር ተማሪ በጥይት ተገደለ። ጠቡ የተነሣው ለነጮች ብቻ በተባለ መጸዳጃ ቤት ምክንያት ሲሆን፣ ሟቹ በአገሩ የባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን የተማሪዎቹ ኮሚቴ በሊቀ መንበሩ በሚስተር ጆን ሉዊስ አማካይነት የቬትናምን ጦርነት የሚነቅፍ መግለጫ አወጣ። አንባቢ የሉዊስን ስም ይያዝልኝ፤ ከ20 ዓመት በኋላ እንደ ገና እናገኘዋለን።

ሚስተር ቦንድ መግለጫውን በመጻፍ አልተካፈሉም። ነገር ግን በዚያው ቀን አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ በስልክ ጠይቆአቸው ነበር፤ እርሳቸውም መግለጫውን እንደሚደግፉ መለሱ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ይህን ስልክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ጠያቂው ምናልባት ለማታው ዜና ሁለት ደቂቃ የሚሆን ነገር ፈልጎ ይሆናል፤ ከዚያች ስልክ የወጣው ግን ዓመት ሙሉ የቆየ ክርክር ነው።

ከምክር ቤቱ አባላት 75ቱ ሚስተር ቦንድ እንዳይቀበሉአቸው አቤቱታ ፈረሙ። ክሱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። የተናገሩት ነገር ለጠላት ድጋፍ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ አሳብ ያለው ሰው ሕገ መንግሥቱን እጠብቃለሁ ብሎ ቢምል መሐላው ከልብ ሊሆን አይችልም፤ ምክር ቤቱንም ያስነቅፋል። ጥር 10 ቀን 1966 ዓ.ም. አባላቱ ለመሐላ ሲቆሙ፣ የምክር ቤቱ ጸሓፊ ክሱ ሳይታይ ቦንድን አላስምልም አለ። የአባላት ኮሚቴ ተቀምጦ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ማንም ሰው ሕግ እንዲጥስ እንዳልመከሩ፣ የራሳቸውን የውትድርና ካርድ እንዳላቃጠሉ፣ ነገር ግን ቅጣት እንደሚያገኘው እያወቀ ላመነበት ነገር የሚቆምን ሰው ድፍረት እንደሚያደንቁ ተናገሩ። ኮሚቴው በ23 ድምፅ ለ3 አይግቡ አለ። በዚያው ዕለት ጠቅላላው ጉባኤ በ184 ድምፅ ለ12 አጸደቀው። ቦንድ 26ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ አራት ቀን ቀርቶአቸው ነበር፤ በልደታቸውም ቀን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ውሳኔውን የሚቃወም ሰልፍ ወደ ምክር ቤቱ መሩ።

የጆርጂያ ምክር ቤት እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው አልነበረም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1868 ዓ.ም. ጥቁር እንደራሴዎች ተመርጠው ከገቡ በኋላ፣ በመስከረም ወር አብዛኛው ነጭ የነበረው ጉባኤ «ጥቁር የመምረጥ መብት እንጂ የመመረጥ መብት የለውም» ብሎ አስወጣቸው። ከተባረሩት አንዱ ቄስ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ከመውጣታቸው በፊት ተነሥተው ያደረጉት ንግግር እስከ ዛሬ ይነበባል። በ1870 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥት ትእዛዝ ተመለሱ፤ ግን ቍጥራቸው እየተመናመነ ሄደ። የመጨረሻው በ1907 ዓ.ም. ከወጡ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ሚስተር ሌሮይ ጆንሰን ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እስኪመረጡ ድረስ ከ50 ዓመት በላይ አንድም ጥቁር እንደራሴ በዚያ ሕንጻ አልተቀመጠም። በ1868 ምክንያቱ ቆዳ ነበር፤ በ1966 ግን ስለ ቆዳ የተነሣ ቃል አልነበረም። የቀረበው አሳብ ብቻ ነው። ይህን አንባቢ እንደሚመስለው ይመዝነው።

አሁን ደግሞ ወረዳው ምን እንዳለ እንይ፤ ለእኔ ከፍርዱ ይልቅ ይህ ክፍል ይደንቀኛል። ወንበሩ ባዶ ስለ ተባለ በየካቲት 23 ቀን 1966 ዓ.ም. የማሟያ ምርጫ ተጠራ። በዚህ ጊዜ ከሚስተር ቦንድ ጋር የሚወዳደር አንድም ሰው አልቀረበም፤ ያለ ተፎካካሪ ተመረጡ። በግንቦት ወር የምክር ቤቱ ኮሚቴ እንደ ገና ጠራቸው፤ የተናገሩትንም ይመልሱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። አልመልስም አሉ፤ እንደ ገናም ተከለከሉ። በመስከረም በዲሞክራቲክ ፓርቲ የዕጩዎች ማጣሪያ ምርጫ ቀረቡ፤ አሸነፉ። በኅዳር በጠቅላላው ምርጫ ቀረቡ፤ አሸነፉ። እንግዲህ የ136ኛው ወረዳ ሰዎች ከሰኔ 1965 እስከ ኅዳር 1966 ባለው ጊዜ ውስጥ ለአንድ ወንበር አንድ ሰው ሦስት ጊዜ መረጡ። ከእነርሱ መካከል የቬትናምን ጦርነት የሚደግፉ፣ ልጆቻቸውም በዚያ የሚዋጉ ሳይኖሩ አይቀሩም። ሆኖም በየጊዜው ወደ ምርጫው ሣጥን እየተመለሱ የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «እንደ ራሳችን ያልነው ይህን ሰው ነው።»

ክሱ በፍርድ ቤት በኩልም ይሄድ ነበር። ዶክተር ኪንግ በዚያው ወረዳ የሚኖሩ መራጭ ስለ ነበሩ «የተነጠቀው የእኔም ድምፅ ነው» ብለው ከቦንድ ጋር ከሳሽ ሆነው ገቡ። በአትላንታ የተቀመጡት ሦስት የፌዴራል ዳኞች ሁለት ለአንድ ሆነው ለምክር ቤቱ ፈረዱ፤ በአሳብ የተለዩት ዳኛ ኤልበርት ተትል ነበሩ። ጕዳዩ በይግባኝ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን የሰማው ቦንድ ለሦስተኛ ጊዜ በተመረጡ በሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር 10 ነው። ፍርዱን የሰጠው ታኅሣሥ 5 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲሆን ጽሑፉን ያነበቡት፣ እኛ በቀድሞው አጠራራችን አፈ ንጉሥ ልንላቸው የምንችል (አገራቸው ንጉሥ ባይኖረውም) የፍርድ ቤቱ አለቃ ኤርል ዋረን ናቸው። ዘጠኙም ዳኞች አንድ ድምፅ ነበሩ።

የጆርጂያ ጠበቆች ያቀረቡት ክርክር ብልሃት የጎደለው አልነበረም። አንድ ተራ ዜጋ ይህን ቢናገር መብቱ ነው ብለው አምነዋል። ሕግ አውጪ ግን ከተራ ዜጋ ይልቅ የታማኝነት ደረጃው ከፍ ሊል ይገባዋል፤ መሐላው ከልብ መሆኑንም ባልደረቦቹ ሊመረምሩ ይችላሉ አሉ። ፍርድ ቤቱ ይህን ገልብጦ ተመለከተው። አባላቱ በአብላጫ ድምፅ የባልንጀራቸውን ልብ እየመረመሩ መሐላውን የሚመዝኑ ከሆነ፣ ብዙኃኑ የማይወዱትን አሳብ ሁሉ በመሐላ ስም ሊያስወጡት ይችላሉ። ሕግ አውጪ አፉን ከተራ ዜጋ ይበልጥ ይዝጋ የሚባለውም ተገላቢጦሽ ነው፤ መራጮቹ ማንነቱን አውቀው እንዲመዝኑት አከራካሪ በሆኑ ነገሮች ላይ አሳቡን መግለጥ ግዴታው ነው። ስለዚህ የጆርጂያ ምክር ቤት የመናገርን ነጻነት የሚጠብቀውን የሕገ መንግሥቱን የመጀመሪያ ማሻሻያ ጥሷል ብለው ፈረዱ። በጥር 1967 ዓ.ም. ሚስተር ቦንድ ማሉ፤ ተቀመጡም።

ከዚህ በኋላ ያለውን 20 ዓመት ባጭሩ አልፈዋለሁ። እስከ 1974 ዓ.ም. በሕግ መምሪያ ምክር ቤት፣ ከ1975 እስከ ጥር 1987 ዓ.ም. በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነበሩ። ዘመኑ ለሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ብንቈጥር 12 ጊዜ ተመርጠዋል ማለት ነው። በ1968 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው የዲሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ የጆርጂያው አገረ ገዥ ሌስተር ማዶክስ ያስመረጡአቸውን ልዑካን የሚቃወም ሌላ የልዑካን ቡድን መርተው ሄዱ፤ ጉባኤውም ወንበሩን ለሁለቱ ከፈለው። በዚያው ጉባኤ ስማቸው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተጠራ። ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው 35 ዓመት ስለሆነና እርሳቸው 28 ዓመታቸው ስለ ነበር ዕድሜዬ አልደረሰም ብለው ስማቸውን አነሡ። ጆርጂያ አላስገባም ካለቻቸው ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር።

አሁን የቀረው መራሩ ምርጫ ነው። ከ1980 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ በኋላ የጆርጂያ ምክር ቤት የፌዴራሉን ኮንግሬስ የምርጫ ወረዳዎች ሲደለድል፣ ቦንድ በአትላንታ ያለው 5ኛው ወረዳ በርከት ያሉ ጥቁር መራጮች እንዲኖሩት ብርቱ ትግል አደረጉ። የመጀመሪያው ድልድል በ1982 ዓ.ም. በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ስለ ወደቀ፣ ጥቁሮች ጽኑ አብላጫ የያዙበት ወረዳ ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. ወንበሩ ሲለቀቅ ቦንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቦታቸውን ትተው ቀረቡ። ብዙ ሰው ወንበሩ የእርሳቸው ነው ብሎ ነበር፤ ወረዳውን ከሞላ ጎደል በእጃቸው ሠርተውታልና።

ተቃዋሚ ሆነው የቀረቡት ግን በዚያ በ1966ቱ መግለጫ ቀን የኮሚቴው ሊቀ መንበር የነበሩት፣ በኋላም የአትላንታ ከተማ ምክር ቤት አባል የሆኑት የድሮ ወዳጃቸው ጆን ሉዊስ ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ቢሮ ሠርተዋል፤ ቤተሰቦቻቸውም ይተዋወቁ ነበር። በነሐሴ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ቦንድ ከመቶ 47፣ ሉዊስ ከመቶ 35 አገኙ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ሁለተኛ ዙር ሆነ። በዚህ መካከል ክርክሩ መረረ፤ ሉዊስ «ሁለታችንም ለአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ሽንታችንን እንስጥ» እስከ ማለት ደረሱ፤ ቦንድም እምቢ አሉ። እንዲህ ያለው ንግግር በእነዚህ በሁለት ሰዎች መካከል ባይሰማ ኖሮ እወድ ነበር።

መስከረም 2 ቀን ድምፅ ሲቈጠር ሉዊስ ከመቶ 52፣ ቦንድ ከመቶ 48 ሆኑ። ከጥቁር መራጮች አብላጫውን ያገኙት ቦንድ ነበሩ፤ ነገር ግን በወረዳው ያሉት ነጭ መራጮች በብዛት ሉዊስን ስለ መረጡ ሚዛኑ ወደዚያ አጋደለ። በ1965 ዓ.ም. 2,320 ድምፅ ያገኙት ሰው በዚህ ምርጫ አሮጌውን ወንበር ለቀው አዲሱንም ሳያገኙ ቀሩ። በዚህ ጊዜ ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት አልነበረም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። የከለከላቸው 184 ሰው ሳይሆን መራጩ ራሱ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ለሕዝብ ምርጫ አልቀረቡም። በዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ አስተማሩ፤ ስለ ጥቁሮች የመብት ትግል በ1987 ዓ.ም. መታየት የጀመረውን ታላቅ የቴሌቪዥን ታሪክ በድምፃቸው ተረኩ፤ ከ1998 እስከ 2010 ዓ.ም. የታወቀውን የጥቁሮች መብት ማኅበር በሊቀ መንበርነት መሩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። የ5ኛውን ወረዳ ወንበር ጆን ሉዊስ በየሁለት ዓመቱ እየተመረጡ እስከ ሞቱበት እስከ ሐምሌ 2020 ዓ.ም. ያዙት።